በዛብህ ምን ተማረ?

ባለፈው ክረምት አሜሪካ ያለ አብሮ አደጌ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከልኝና «እስቲ አንብበህ ስህተት ካለው ንገረኝ» አለኝ። ደብረ ታቦር አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እሱ ዲቪ ደርሶት ሄደ፤ እኔ ምህንድስና ተምሬ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየደረደረ፣ ቀን ቀን አንድ አነስተኛ የክርስቲያን ኮሌጅ ይማራል። የሚማረው «ጄኔራል ስተዲስ» ነው፤ ጠቅላላ ጥናት እንበለው። ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ትንሽ ታሪክ፣ ትንሽ ሒሳብ፣ ትንሽ ሥነ ጽሑፍ፣ ትንሽ ሳይንስ። «ስትጨርስ ምን ትሆናለህ?» አልኩት። «ዲግሪ ያለው ሰው» አለኝ።

ሳቅሁ። የኢንጂነር ሳቅ ነው፣ ሳታውቁት አትቀሩም። አምስት ዓመት አንድ ነገር ላይ ተቀምጦ የከረመ ሰው ሁሉን በጥቂት በጥቂቱ በሚቀምስ ሰው ላይ የሚስቀው።

ፋይሉ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ወረቀት ነበር። ከሀገርህ አንድ ልብወለድ መርጠህ ስለ ትምህርት ምን እንደሚል ጻፍ ተብሎ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መርጧል። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፣ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን በዛብህን «መደበኛ ትምህርት ያላገኘ የድሃ ልጅ» ይለዋል። ዓረፍተ ነገሩን በቀይ አቀለምኩትና በጎኑ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ትክክሉን ልጽፍለት ፈልጌ ጣቴ ቆመ። በዛብህ እኮ ከልጅነቱ ጀምሮ ተማሪ ነው። ግን ምን ተማረ? መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅም ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

እንደገና አነበብኩት። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ንባብ የመጣ ነው።

ታሪኩን ለማታስታውሱት በአጭሩ፦ በዛብህ ለእግዚአብሔር የተሳለ ልጅ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰጥተውታል። ተምሮ ድማ ጊዮርጊስ ይደርሳል፤ በትምህርቱ ምክንያት የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይጠራል። የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁን ትምህርቱ በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። በር ይከፍታል። ያለ ትምህርቱ የድሃ ልጅ ፊታውራሪ ቤት የሚገባበት መንገድ የለም። በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን ልብወለዱ የሚከተለው ፍቅሩን፣ የስለቱን ሸክምና የዘር ቆጠራውን ግድግዳ ነው። እነዚያ ሁሉ የተማሪነት ዓመታት በዛብህን እንዴት እንዲያስብ አደረጉት? ሰብለን ሲያያት በቅኔ ሰው ዓይን ነው የሚያያት ወይስ በማንኛውም አፍቃሪ ዓይን? እኔ ያገኘሁት ሁለተኛውን ነው። እንደ አፍቃሪ አውቀዋለሁ፤ እንደ ተማሪ አላውቀውም።

ይህን የምለው ሐዲስን ለማሳነስ አይደለም። ሰውዬው በ1902 እንዶዳም ተወልዶ በዚያው የጎጃም ጉባኤ ቤት ያደገ ነው፤ ከእኔና ከናንተ በላይ ያውቀዋል። እንዲያውም የሚገርመኝ ይኸው ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ፣ አቤ ጉበኛ፣ መንግሥቱ ለማ፣ ሐዲስ፦ የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ከሠሩት ብዙዎቹ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ናቸው። ታዲያ ያ ትምህርት በልብወለዶቻችን ውስጥ ለምን ደበሎና ቁራሽ ብቻ ሆኖ ቀረ? የቆሎ ተማሪ ሲባል ወዲያው የሚመጣልን ምስል የታወቀ ነው፦ አኩፋዳ፣ የተማሪ ዱላ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም»፣ የሚያሳድደው ውሻ። ረሀቡን በደንብ እናውቃለን። ሰውየው ያን ሁሉ ረሀብ የታገሠለትን ነገር አናውቀውም።

አንድ ግምት አለኝ። እነዚህ ደራሲዎች ሲጽፉ ትምህርት ቤቱ ትተውት የወጡት ቤት ነበር። ከፊታቸው ያለው አዲስ አበባ፣ ለንደን፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። ትቶት የወጣውን ቤት የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ለምን እንደወጣ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ትምህርቱ በአንድ ሰው ላይ ይታያል ብል ግን አልሳሳትም፤ በጉዱ ካሳ። ካሳ ዳምጤ ነገርን ገልብጦ ማየት የሚችል ሰው ነው። ሌላው ላዩን ሲያይ እሱ ውስጡን ያያል። ይህ የሰምና ወርቅ ልማድ ነው፤ ሰሙን አቅልጠህ ወርቁን ማውጣት። የሚገርመው ደግሞ አገሩ ለዚህ ሰው የሰጠው ስም «ጉዱ» መሆኑ ነው። ሐዲስ የቅኔውን አእምሮ ለእብዱ ሰጥቶ ልቡን ለአፍቃሪው ሰጠ። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ቢያኖራቸው ኖሮ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት የማይነበብ። አላውቅም።

ስለ ትምህርቱ ራሱ መጠየቅ የነበረብኝ ቤታችን ያለውን ሰው ነው። ወንድምጋሼ በ14 ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ገና ሳልወለድ ነው ከቤት ወጥቶ ለትምህርት የሄደው። ዜማውን ተከታትሎ ለድጓ እስከ ቤተልሔም ደርሷል። ለማታውቁት፣ ቤተልሔም እዚያው ደቡብ ጎንደር ያለች የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ የድጓ መምህር ነኝ ለማለት እዚያ ሄዶ መመረቅ ነው ወጉ። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ከጉና ሥር ገብስና ድንች ከሚያበቅለው መንደር ብዙም ሳትርቁ፣ በሁለት የተለያየ ትምህርት የሀገሪቱ የመጨረሻ ማዕረግ የሚሰጥባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ ማለት ነው። እኔ ግን ደብረ ታቦር አድጌ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ይህን የነገረኝ መምህር አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ወንድምጋሼን ስልክ ደውዬ «ቅኔ ቤት ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው?» አልኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሰው የሚጠይቀው «ውሻ ነክሶህ ያውቃል?» ብሎ ነው።

የነገረኝን በራሴ ቃል ላስቀምጠው። መጀመሪያ ግሥ ነው፣ የግእዝ ግሥ ከነእርባታው። ከዚያ አገባብ። ቀጥሎ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ትጀምራለህ፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያልህ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ትደርሳለህ። የኔታ ሲዘርፉ ትሰማለህ፤ ከዚያ ለብቻህ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት ሄደህ ደበሎህን ተከናንበህ ቅኔ ትቆጥራለህ። ወረቀት የለም። ሲመሽ ተራህን ጠብቀህ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ትነግራለህ። ይህ ነገራ ይባላል። ምሥጢሩ ካልሰመረ፣ ቤቱ ከጎደለ፣ ግሡ ከተሳሳተ እዚያው ሰው ፊት ይፈርሳል፣ ይቃናል፣ ወይም ይጣላል። ነገ ደግሞ አዲስ። የትናንቱን ይዘህ መምጣት ነውር ነው። የሌላ ሰው ይዘህ መምጣት ደግሞ አይወራም።

ይህን ስሰማ እጄ ላይ የመጣው ንጽጽር የሥራዬ ነው፤ ነገራ ማለት ኮድ ሪቪው ነው ልላችሁ ነበር። ተውኩት። እኛ የኮምፒውተር ሰዎች የሰውን ነገር በራሳችን ቋንቋ ካልጠራነው ያወቅነው አይመስለንም። ኮድ ሪቪው ላይ የሚታየው ሥራው ይሠራል ወይ ነው። ነገራ ላይ የሚታየው አንተ ዛሬ ምን አሰብክ ነው። ለዚያ ለሁለተኛው እኔ በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት አንድም ጊዜ አልተፈተንኩም።

ኮድ ካነሳን ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከወንድምጋሼ ጋር ስናወራ ባሕረ ሐሳብ ተነሣ፤ የጾምና የበዓል ማውጫ ስሌት። ለጉራ ብዬ «ንገረኝና ፕሮግራም ልሥራው» አልኩት። እሱ በቃሉ እያለ እኔ እየጻፍኩ ሄድን። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመር 2018፣ 7518 ነው። ለ19 ስታካፍለው 13 ይቀራል፤ ለዘመን አንዱን ትተዋለህ፣ ወንበር 12። ወንበር በ11 ተባዝቶ 30 እየገደፍክ አበቅቴ 12። ወንበር በ19 ተባዝቶ 30 እየገደፍክ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተሳስተሃል፤ ማረጋገጫው አብሮት ነው የተሠራው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ 7፣ ድምሩ 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች። በነነዌ ላይ 69 ቀን ስትጨምር ፋሲካ ሚያዝያ 4። ፕሮግራሜ ትክክል አወጣው፣ ደስ አለኝ። «እስቲ 2017ን ሞክረው» አለኝ። ሞከርኩት። ስክሪኑ ላይ የወጣው፦ ነነዌ፣ ጥር 33።

ወንድምጋሼ በስልክ ውስጥ የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ድምሩ ከ30 ሲያልፍ 30 ገድፈህ ወደ የካቲት ትሻገራለህ፤ የካቲት 3። ሕጉን ሳይነግረኝ ቀርቶ አይደለም፣ ሆን ብሎ ነው የተወው። እንዲህ ነው የሚያስተምሩት ማለት ነው።

ወደ መጽሐፍ ልመለስ። ይህን የትምህርት ቤት ቀን በአማርኛ አንብቤ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መንግሥቱ ለማ በ1959 ባሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ውስጥ። ለንደን የተማረው ገጣሚና ተውኔት ጸሐፊ ሽማግሌ አባቱን አስቀምጦ ያስወራቸዋል፤ ንግግራቸውን ሳያሳምር፣ ወደ መጽሐፍ አማርኛ ሳይመልስ ያወጣዋል። ይኸው ነው ዘዴው። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ሰው ስለ ሊቃውንት ጽፏል፤ አብዛኛው ግን ገድል ነው፣ እገሌ ሊቅ ነበሩ፣ እገሌን አስተማሩ፣ አረፉ። አለቃ ለማ ግን ያወራሉ። ቅኔው ብቻውን አይመጣም፤ ማን ለማን እንዳለው፣ በማን ላይ እንደተቀኘው፣ ማን እንደተቆጣ አብሮ ይመጣል። ቅኔ ከሁኔታው ተለይቶ ሲታተም የሞተ ቢራቢሮ ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ይበራል።

ጉድለትም አለው። ይዘላል፣ ይመለሳል፣ ግእዝ የማያውቅ አንባቢ ብዙ ቦታ ደጅ ይቀራል። ለእኛ ትውልድ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማብራሪያ ቢሠራለት መልካም ነበር። መንግሥቱ ራሱ ይህን ክፍተት ያየው ይመስለኛል፤ የአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድን ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚናገር ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1970 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታትሟል። የውጭ አንባቢ ያን ትንሽ መጽሐፍ አንብቦ ትምህርት ቤቱን ደረጃ በደረጃ ሊያውቀው ይችላል። የእኔ አብሮ አደግ ለወረቀቱ ማጣቀሻ ያደረገው ግን ከኢንተርኔት የወሰደውን የልብወለዱን ማጠቃለያ ነው።

ስለ ኮሌጁ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሳቄ አሁን እያሳፈረኝ ነው። የእሱ ኮሌጅ ዓይነት ትምህርት ቤት ለደብረ ታቦር እንግዳ አይደለም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብላ ያለችውን ጋፋትን ታውቋታላችሁ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት። የሠሩት አውሮፓውያን ከየት መጡ? ብዙዎቹ ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ያለ ቅዱስ ክሪሾና የሚባል ትንሽ የሚስዮን ትምህርት ቤት ውጤቶች ናቸው። በ1840 እ.ኤ.አ. ሽፒትለር የሚባል ሰው የመሠረተው፣ የእጅ ባለሙያ ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስና ጠቅላላ ዕውቀት አስተምሮ የሚልክ ቤት ነው። በዛሬ ቋንቋ ጠቅላላ ጥናት ማለት ይቻላል። መድፍ ማቅለጥ በትምህርታቸው ውስጥ አልነበረም። ንጉሡ ግን መድፍ ፈለጉ፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ አቀለጡ፤ ያም ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ከነሱ አንዱ ዋልድማየር በኋላ ሊባኖስ ሄዶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም አስፉሪዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ትንሽ በትንሽ የተማረ ሰው ምን ይሆናል ላልኩት፣ ይኸው።

ጋፋት ላይ ግን ከመድፉ ሌላ ትምህርት ቤትም ነበር፤ ሚስዮናውያኑ ልጆች ያስተምሩ ነበር። የምናስታውሰው መድፉን ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የመድፉ ምስል ነው። በዚያው ዘመን በዚያው ተራራ ዙሪያ ደበሎ ተከናንበው ቅኔ ሲቆጥሩ የነበሩትንማ የሚያስታውስ የለም።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጃችንም በ1943 ሲከፈት በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት ነበር የሚመራው። በ2012 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የጋራ ኮርስ መልሰው አመጡ፤ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ። እኔ ከዚያ በፊት ስለገባሁ አመለጠኝ። በጊዜው «ተረፍን» ብለን ነበር።

አሁን ወንድምጋሼን ልሸጥላችሁ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። የአብነት ትምህርት ቤት ገነት አይደለም። ልጅ በ9 ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ በበሽታና በብርድ የሚንከራተትበት ሥርዓት ነው፤ ያልተመለሱ አሉ። ብዙ ነገር በቃል ይያዛል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ እስከ መጻሕፍት ቤት ይቆያል፣ እዚያም የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሴት ልጅ በሩ ላይ ነው የቀረችው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ዓይናቸው ሳያይ የቅኔ መምህር ሆነው ብዙ ሊቃውንት ማፍራታቸው ትልቅ ታሪክ ነው፤ ግን ስማቸውን ሁላችንም ደጋግመን የምናነሳው ሌላ ስም ስለማይመጣልን ጭምር ነው። ሐዲስ ሰብለ ወንጌልን ፊደል አስቆጥሮ ማቆሙን በዚህ በኩል ብናየው ልብወለዱ እውነቱን ነው የተናገረው።

የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በሐዘኔታ ሳይሆን በማወቅ ፍላጎት የተጻፈ ተማሪ እፈልጋለሁ። አንድ ልብወለድ ውስጥ አንድ ልጅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲጠፋበት፣ ሲመጣለት፣ ማታ ሲፈርስበት ማንበብ እፈልጋለሁ። ነሐሴ 13፣ ተማሪዎቹ ከየመንደሩ የለመኑትን አጠራቅመው የራሳቸውን ደብረ ታቦር ሲያከብሩ፣ ማን በማን ላይ ተቀኘ የሚለውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ረሀቡም ይኑር። ነገር ግን ረሀቡ ብቻ ሲጻፍ አንባቢው ሰውየውን ያዝንለታል እንጂ አያከብረውም፤ ከዚያም የኔ ቢጤ ወንድም ያፈራል።

ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድምጋሼ አዲስ አበባ መጥቶ ለአንድ መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሥራ አመለከተ። ቅጹን እኔ ነኝ የሞላሁለት። «የትምህርት ደረጃ» የሚል መስመር አለ። ምርጫዎቹ ከ1ኛ እስከ 8ኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፤ ከታች ደግሞ «ማንበብና መጻፍ የሚችል»። 17 ዓመት የተማረ ሰው ጎኔ ቆሟል። እኔ ሳልጠይቀው የመጨረሻዋን ምልክት አደረግኩባት። አይቷል። ምንም አላለም፤ «ጨረስክ?» ብቻ አለኝ። ሥራውንም አላገኘም፤ ስምንተኛ ክፍል ያስፈልጋል ተባለ።

እንግዲህ አብሮ አደጌ ላይ «ስህተት» ብዬ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን አስተካክለን መለስነው። «መደበኛ ትምህርት ያላገኘ» የሚለውን አውጥተን «ለዓመታት በቅኔ ትምህርት ያለፈ» አልን። ሳምንት ቆይቶ መምህሩ የመለሱለትን ላከልኝ። ውጤቱ ጥሩ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጎን ግን አጭር ጥያቄ አለች፤ «ምን ምን ተማረ? አብራራ» ይላሉ። አብሮ አደጌ «ምን ልበላቸው?» ይለኛል። ፎቶውን ለወንድምጋሼ አስተላለፍኩለትና ጥያቄውን በአማርኛ ጻፍኩለት። ማታ የድምፅ መልእክት ላከ። 14 ደቂቃ ነው። የሚጀምረው ከግሥ ነው።